ሳልሰማ ያልኩት አሚን

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

አሚን አልኩ።

ያውም ጮክ ብዬ። ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እንደ ሁልጊዜው... አፌ ካለ በኋላ ነው ጆሮዬ የሰማው።

ወዳጃው፣ የዱዓው ስብስብ፣ ለዳለቻ ነበር። የአባዬ መኪና። ቀለሟ እንደ ዳለቻ በሬ ስለሆነ እሱ ያወጣላት ስም ነው። ከጦርነቱ ወዲህ ጓሮ ቆማ የዶሮ ማደሪያ ሆና ነበር። እኔ ፈታኋት፣ እኔ ገጠምኳት። ትናንት በራሷ ሞተር ከጓሮ ወጥታ ደጃፍ ቆመች። እማዬ "ዱዓ ሳይደረግላት ጎማዋ መንገድ አይረግጥም" አለች። ደስ አለኝ። ለኔ መስሎኝ።

ጀማው ተሰበሰበ። ወንዶቹ መደቡ ላይ፣ እኛ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲህ። ሸህ ኑርዬ ዱዓውን ጀመሩ። እሳቸው ሲጀምሩ እንደ ክረምት ወንዝ ነው፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይደርሳል። ዝናቡን የራህመት ያርገው። አሚን። የታመመውን ያሽርልን። አሚን። የሞተውን ለጀነት፣ የተሰደደውን ለሀገሩ ያብቃው። አሚን፣ አሚን። ይችን መኪና ለሙነወር ያግራለት፣ መሪዋን በእጁ ያቅናለት...

አሚን!

ሙነወር ወንድሜ ነው። ከጅዳ ከተመለሰ ወር አልሞላውም። አንድ ቡሎን አላጠበቀም።

ዓይኔን ስገልጥ እማዬ መጋረጃውን አልፋ ቁልፉን እጁ ላይ ስታስቀምጥለት አየሁ። ተነጋግረው ነበር ማለት ነው። ከኔ በስተቀር ሁሉም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ጠዋት ሙነወርን ዳለቻ ላይ ተደግፎ ስልኩን ሲነካካ አገኘሁት።

"ቁልፉን ስጠኝ" አልኩት።

"ትናንት ምን ስትይ ነበር?"

"ምን አልኩ?"

"አሚን ነዋ! ድምፅሽ ከሁሉም በላይ ነበር።" ሳቀ። "ጀማው ሰምቷል እህቴ። ዱዓ አይመለስም። ኻላስ፣ አለቀ።"

ወደ እማዬ ገባሁ። በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር፤ ቀና ሳትል ነው የመለሰችልኝ።

"አንቺ እኮ ነገ ታገቢያለሽ። መኪና ይዘሽ ልትገቢ ነው?"

"ብይዝስ?"

"ያረቢ! ይችን ልጅ ምን ላድርጋት... እሱ ወንድ ነው። ባዶ እጁን መጥቷል። ሀገር ምን ይለዋል?"

እኔን ሀገር ምን እንደሚለኝ አልጠየቀችም። አምስት ዓመት መካኒካል ምህንድስና ተምሬ ስመጣ "የኔ መሀንዲስ" እያለች ሰፈሩን ሁሉ ያዞረችኝ እሷው ናት። ዲግሪው ቁም ሳጥን ላይ ተሰቅሏል። ለእንግዳ ይታያል።

እሁድ፣ ነሐሴ 11

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ሐይቁ አይታይም፤ ነጭ ብቻ።

ያለፈውን እያሰብኩ ዋልኩ።

ጦርነቱ ሲደርስ አባዬ የዳለቻን ፖምፓ ፈትቶ ማሽላ ጎተራ ውስጥ ቀበረው። ናፍጣ የሚገፋላት እሱ ነው፤ ያለ እሱ ብረት ናት። "ማንም መጥቶ ቁልፍ ቢጠይቀኝ እሰጠዋለሁ" አለኝ። "ቁልፍ መኪና አይደለም።" ታጣቂዎች ሦስት ጊዜ መጡ፣ ሦስት ጊዜ ሊያስነሷት ሞክረው አቃታቸው፣ መስኮቱን ሰብረው ሄዱ። እሱ ግን ፖምፓውን ሳይመልሰው ሞተ። አላህ ይዘንለት።

አባዬ ከውጫሌ በላይ ወዳሉት የአምባሰል መንደሮች ይነዳ ነበር። መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ ጎርፍ የሄደበት ድንጋይ ነው። ምጥ የያዛትን፣ እግሩ የተሰበረውን፣ ሽንኩርቱ ሊበሰብስበት የደረሰውን... አሁን ሁሉም በቃሬዛና በአህያ ነው። ለዚያ ነው የጀመርኩት። ባሌስትራዎቹን፣ ሸክሟን የሚችሉትን ድርብርብ ብረቶች፣ አውርጄ በየአንዳንዱ ላይ አንድ ቅጠል ብረት ጨመርኩ፤ ሆዷ ከድንጋይ ከፍ አለ። ጎማዋን ትልቅ አደረግኩ። ወንዝ ስትገባ ሞተሯ ውሃ እንዳይጠጣ የአየር መሳቢያውን ቱቦ በመስታወቱ ጎን አስወጥቼ ጣሪያዋ ላይ አደረስኩት። ዝናው በየደልኝ። ዝናው አስፋልቱ ዳር ብየዳ ቤት አለው፤ የሰፈራችን ልጅ ነው። ቱቦውን ሲያይ "ኢንጂነር፣ ይሄ መኪና ነው ሺሻ?" ብሎ ሳቀብኝ። በየደው ግን።

የቀረኝ አንድ ነገር ነበር። የኋላው የፍሬን ቱቦ። መኪና ከፍ ሲል ቱቦው ያጥራል። አክስሉ፣ ጎማዎቹን የያዘው ብረት፣ ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ቱቦው እንደ ገመድ ይወጠራል። ረጅም ቱቦ ከኮምቦልቻ አዝዤ ነበር። እስኪመጣ ወደ ተራራ አትወጣም፣ አልኩ። ለሁሉም።

የሰማኝ አለ?

ረቡዕ፣ ነሐሴ 14

ገበያ ላይ ሙጂባን አገኘኋት። ሙጂባ ከቤይሩት ከተመለሰች በኋላ ከዚህ ከሐይቅ ከተማ ዕቃ ገዝታ አምባሰል ላይ ቤቷ የምትሸጥ ሴት ናት። ዓመቱን ሙሉ ዝናው ብየዳ ቤት ስሠራ በበሩ ስታልፍ ትጮህብኝ ነበር።

"አንቺ ባለ ዘይት! መቼ ነው ወደ ላይ የምታወጪኝ? ወላሂ አህያም እንዲህ ለምኜ አላውቅ!"

ዛሬ አልጮኸችም።

"ወንድምሽ ነው አሉ የሚነዳት።"

"አዎ።"

"አንቺስ?"

"እኔ አሚን ብያለሁ።"

አየችኝ... ከዚያ ዘይቷን ተሸክማ ሄደች።

እሁድ፣ ነሐሴ 18

ሙነወር ዳለቻን ደሴ ወስዶ መለሳት። አላወቅኳትም። ፊቷ ላይ ስድስት መብራት። ጣሪያዋ ላይ ብረት አልጋ የመሰለ ዕቃ መጫኛ። ውስጧ ሲዘፈን መንገዱ ይንቀጠቀጣል። ቁመቷ ግን... ሌላ መኪና።

ሥሯ ገባሁ። ባሌስትራውና አክስሉ መሀል የብረት ታኮ ከተዋል። እንደ እግረ አጭር ሴት የጫማ ተረከዝ። እኔ በልክ ያነሳኋትን እንደገና በታኮ አነሷት።

"ጅዳ በረሃ ላይ የሚነዱት እንዲህ ነው" አለኝ ከላይ።

"የፍሬኑን ቱቦ አይተኸዋል? ደልዳላ መሬት ላይ ቆማ እንኳ ተወጥሯል።"

"አንቺ ሁልጊዜ የቀረ ነገር አለሽ። ዓመት ሙሉ ይቀራል፣ ይቀራል... እኔ በሦስት ቀን ጨረስኩት።"

መጀመሪያ ዝናው ጋ ሄዶ ኖሯል። ዝናው "ረጅም ከወደድክ አውቶብስ ግዛ" ብሎ መለሰው። ለዚያ ነው ደሴ የሄደው።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 21

ሙነወር ዙሁር ሰላት ላይ እያለ ፖምፓውን ፈታሁት።

ጨርቅ ጠቀለልኩበት፣ ማሽላው ውስጥ ቀበርኩት። አባዬ የቀበረበት ቦታ። እጄን እስከ ክንዴ ከትቼ ትንሽ ቆየሁ... ማሽላው ይሞቃል።

ይሁን። ቁልፍ መኪና አይደለም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 22

"ሌባ" አለኝ። ሙነወር፣ ሰው እየሰማ።

"የራሷን የሠረቀች ሌባ ሰምተህ ታውቃለህ?" አልኩት።

ሸህ ኑርዬ ተጠሩ። ረጋ ብለው ነው የሚናገሩት፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። "ልጄ፣ አሚን ያለ አፍ ያፈርሳል? ዱዓ ያፈረሰ ቤት ሰላም አያድርም።"

"አልሰማሁም ነበር እኮ ሸሁ። ሳልሰማ ነው ያልኩት።"

"አላህ ሰምቷል።"

ከዚያ እማዬ ገባች። በሩን ዘጋች። ነጠላዋን... ጡቷን ያዘች። "ባጠባሁሽ ይዤሻለሁ ኑርሀያት። መልሺለት። የዛሬ ሳምንት የመውሊድ እንግዳ ይዞ ይወጣል፣ ቃል ሰጥቷል። ልጄን በሀገር ፊት አታዋርጂብኝ።"

ልጄን፣ አለች። እኔ ማን ነኝ?

ዓርብ፣ ነሐሴ 23

መለስኩት። ሙነወር ፖምፓ መግጠም አይችልማ። እኔ ስገጥም እጁን አጣምሮ ቆሞ አየ፤ ስጨርስ "ጎበዝ" አለኝ። ለሠራተኛ እንደሚባለው።

እጁን ይዤ ሥሯ አስገባሁትና ቱቦውን አስነካሁት። "ይሄ ይበጠሳል" አልኩ። "የእጅ ፍሬኗንም ገና አላጠበቅኩትም። ቱቦው እስኪመጣ አስፋልት ላይ ንዳት። ወደ ላይ አትውጣ።"

"ኢንሻአላህ" አለኝ።

ይሄ ቃል ስንት ትርጉም አለው በወንድሜ አፍ?

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 27

ኮምቦልቻ ደወልኩ። ቱቦው ገና። "ሳምንት ታገሺ እህቴ።"

እኔ እታገሳለሁ። እሱ?

ሐሙስ፣ ነሐሴ 29

ስነሳ ደጁ ባዶ ነው። የጎማዋ ፈለግ ብቻ ጭቃው ላይ። የመውሊድ እንግዶቹን ይዞ ወጥቷል።

ዓርብ፣ ነሐሴ 30

ሰው አልሞተም። አልሀምዱሊላህ። ይሄን አስቀድሜ ልጻፍ።

ከውጫሌ በላይ፣ ሁለተኛው ዳገት ላይ። የኋላ ጎማዋ ጎርፍ የቦረቦረው ጉድጓድ ገብቶ ተንጠለጠለ። ጋዝ ሰጥቶ አወጣት፤ ሰዉ "ማሻአላህ" አለ። ትንሽ እንደወጣች ሞተሩ ጠፋ። ፍሬን ረገጠ። ፔዳሉ ወለል ድረስ ገባ። ባዶ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ አልያዘም... ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። መሪውን ወደ ተራራው አዙሮ በጎኗ ጣላት። ወደ ገደሉ ቢያዞረው ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነበር።

የሙነወር እጅ ተሰብሯል። ሌሎቹ ተጫጭረዋል። ጣሪያው ላይ ካለው ብረት አልጋ ሥር የተገኘችው ሙጂባ ናት። እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሯል።

ሙጂባ እኮ ሰው አታምንም። እንዴት ተሳፈረች?

እሁድ፣ ጳጉሜ 2

ወሬው ከኔ ቀድሞ ገበያ ደርሷል። "ሴት የገጠመችው መኪና።" "ዱዓውን ጠልታ ነበር፣ ጥላቻዋ ነው የጣላቸው።" ባጃጅ ውስጥ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ፤ አላወቁኝም። አንደኛዋ "ፖምፓ ፈትታ ደግማ ስትገጥም ፍሬኑን ረስታ ነው" አለች። ሳቄ መጣ። ፖምፓና ፍሬን! ሳቄ ወዲያው ደረቀ።

ይሄን ለሰው ያወራው ሙነወር ነው።

ማታ እማዬ አጠገቤ ተቀመጠች። ድምፅዋ ለስልሷል፤ ስትለሰልስ ነው የምፈራት።

"የኔ ሥራ ጉድለት ነው በያቸው። አንቺን ማን ያስርሻል? እሱ ግን መሪ የያዘ ነው።"

"እማዬ፣ እውነቱን ታውቂያለሽ?"

"እውነቱ ምን ያደርግልኛል? ልጄ ይታሰርብኛል።"

አንድ ነገር ልጻፍ፤ ለራሴ ነው። ፖምፓውን ባልመልስስ? ጡቷን ስትይዝ ዞር ብዬ ብወጣስ? ሙጂባ በሁለት እግሯ ትቆም ነበር... ይሄንን ማንም አይጠይቀኝም። እኔ ግን ራሴን እጠይቃለሁ።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜ 4

ከዝናው ጋር ወጣን። እስከ ውጫሌ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር። ዝናው መንገዱን ሙሉ ቀልዱን አላቆመም። "ኢንጂነር፣ ያንን ሺሻ ማን ይሆን ያጨሰው?" ደረስን።

ዳለቻ በጎኗ ተኝታለች። ያስወጣሁት የአየር ቱቦ ለሁለት ተሰብሯል። መብራቶቹን ሰው ነቅሎ ወስዷቸዋል። ዘይቷ ድንጋዩን አጥቁሮታል። ዝናው እጁን ጎማዋ ላይ አድርጎ አዞረው፤ በዝግታ ዞረና ቆመ።

ሥሯ መግባት አላስፈለገኝም። ሆዷ ወደ ሰው ዞሯል። ታኮው ቦታው ላይ ነው። ቱቦው መሀሉ ላይ ተበጥሷል፤ ጫፉ ተስቦ የሳሳ፣ እንደተጎተተ ጅማት። በቢላዋ ቢቆረጥ እንዲህ አይሆንም። ሁለቱንም ጫፍ ፈትቼ ያዝኩ።

"አልቅሺ" አለኝ ዝናው። "እዚህ ማንም የለም።"

"አንተ አለህ።"

"እኔ በያጅ ነኝ። ብልጭታ ነው የማየው።"

አላለቀስኩም። ስንወርድ ግን ቀደም ብሎ ሄደልኝ።

ሐሙስ፣ መስከረም 1

ዘመን ተለወጠ ይላሉ። ዳለቻ በጎኗ እንደተኛች ናት።

ዓርብ፣ መስከረም 9

ሙጂባ እህቷ ቤት ናት፣ እዚሁ ሐይቅ። ከሆስፒታል ወጥታለች። እግሯ በጀሶ፣ ትራስ ላይ። በሩ ላይ ቆሜ መግባት አቃተኝ።

"ግቢ! የተሰበረው እግሬ ነው እንጂ አፌ ደህና ነው።"

ተቀመጥኩ። እሷ ቀደመችኝ።

"አንድ ነገር ልንገርሽ። ስሳፈር ጠየቅኩት። 'ያች ባለ ዘይት ጨርሻለሁ ብላለች?' አልኩት።"

"ምን አለሽ?"

"'አዎ፣ ኑርሀያት ጨርሳ ነው የሰጠችኝ፣ ውጪ' አለኝ። ያን ብሎኝ ነው የወጣሁት። እሱን አምኜ መሰለሽ? ለሱ አህያዬንም አላበድር!"

በኔ ስም። መኪናዋን ሲወስድ ስሜ አልነበረባትም። ሙጂባን ሲያሳፍር ስሜ አስፈለገው። ስትወድቅ ደግሞ ስሜ ብቻ ቀረ።

"ይሄን ሽማግሌ ፊት ትያለሽ?"

"ተሸክማችሁ ከወሰዳችሁኝ እንኳን ሽማግሌ ፊት..." ብላ ክራንቿን ወደ ጣሪያው አነሳች።

ዓርብ፣ መስከረም 23

ጠዋት ነው። ትናንት የሆነውን ሳይቀዘቅዝ ልጻፈው።

ሽምግልናው ቤታችን ነበር። ያው ጀማ፣ ያው መጋረጃ። ሙጂባን ባጃጅ አምጥቷት ከሴቶቹ መሀል እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ሸህ ኑርዬ ጀመሩ፤ "ጥፋቱ የሁለቱ ልጆች ነው፤ የነጂውም የሠሪዋም።" እማዬ በዓይኗ ለመነችኝ። እሺ በይ...

ተነስቼ መጋረጃውን አለፍኩ። የተበጠሰውን ቱቦ ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩ። "ይበጠሳል ያልኩት ይሄ ነው። በእጁ አስነክቼዋለሁ። አትውጣ ብዬዋለሁ። ይካድ።"

ሙነወር የታሰረ እጁን አየ።

ከመጋረጃው ወዲያ ሙጂባ የተነገራትን ተናገረች። ቃል በቃል። "ውጪ" ያለበትን ድምፅ ሳይቀር አስመሰለችው፤ አንድ ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። ሙነወር ያኔ አንገቱን ደፋ። "ብዬአለሁ" አለ። አንድ ቃል። የሙጂባን ማሳከሚያ እሱ እንዲችል ተወሰነ። ሙጂባ ይቅር አለች። ይቅርታዋ ሲወጣ ግን ጥርሷን ነክሳ ነበር።

ከዚያ ሙነወር "ስባሪዋን እሷ ትውሰዳት" አለ። "እኔ መኪና በቃኝ።"

ሁሉም እፎይ አለ። እማዬ "ይኸው፣ የፈለግሽውን አገኘሽ" አለችኝ ቀስ ብላ። ሸህ ኑርዬ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጀማው ዘረጋ፤ እኔም ዘረጋሁ። ወንዙ ጀመረ። ያለፈውን ይቅር ይበለን። አሚን። የተሰበረውን ይጠግንልን። አሚን። ይችን መኪና ለኑርሀያት ያግራላት...

አሚን፣ አለ ቤቱ በሙሉ።

አፌ ተከፍቶ ነበር። ወላሂ ተከፍቶ ነበር። ልማድ... ምላሴን ነከስኩት።

"ሸሁ" አልኩ።

"ምን ሆንሽ ልጄ?"

"ዱዓው አላለቀም።"

"ምን ቀረው?"

"ስትሰበርም ስትሠራም የኑርሀያት ትሁን፣ ይበሉ።"

ከወንዶቹ አንዱ "አጂብ!" አለ።

"ዱዓ እንደ ፍየል ገበያ ክርክር የለውም" አሉ ሸሁ። አልተቆጡም። መቆጣት ይሻል ነበር።

"አልተከራከርኩም ሸሁ። ያን ቀን ሳልሰማ አሚን አልኩ። ዛሬ ልስማ ነው ያልኩት። ነገ ሠርቻት ደጃፍ ስትቆም ደግሞ ወዳጃ ተጠርቶ ለማን ዱዓ ይደረጋል?"

እጃቸውን ሰበሰቡ። ፊታቸውን ዳበሱ። አለቀ ማለት ነው። ሰዉ ጫማውን መፈለግ ጀመረ።

ስለዚህ ራሴ አልኩት። ምንጣፉ መሀል ቆሜ፣ እጄ እንደተዘረጋ። "ያ አላህ፣ ስትቆምም ስትሄድም የኔ ትሁን።"

ማንም አልመለሰም። ወንዶቹ ወደ በሩ አዩ። የቆርቆሮው ጠብታ ብቻ...

ክራንች ወለሉን መታ። "አሚን!" አለች ሙጂባ።

ከጥጉ ደግሞ ሌላ አንድ አሚን የሰማሁ መሰለኝ። ትንሽ፣ የታፈነ። የእማዬ ድምፅ ይመስል ነበር። አልጠየቅኳትም። ከትናንት ጀምሮ አታናግረኝም። ሙነወርም እንደዚያው። ቤቱ እንደ ለቅሶ ማግስት ቤት ሆኗል።

ረጅሙ ቱቦ ከኮምቦልቻ ደርሷል። ዝናው ክሪክና ገመድ ይዞ አስፋልቱ ላይ እየጠበቀኝ ነው። ዛሬ እናቆማታለን። መጀመሪያ የማወጣው ታኮውን ነው። ከዚያ ፖምፓዋን ፈትቼ ይዤው እወርዳለሁ፤ ተሠርታ እስክታልቅ ማሽላው ውስጥ ሳይሆን ትራሴ ሥር ያድራል።

ስትሰበር የኔ፣ ስትጠገን የሱ። ይሄን ከእንግዲህ አልቀበልም። ስሜን ለመሳፈሪያና ለመውደቂያ ብቻ መጥራትን አልቀበልም። በጡትም ቢይዙኝ፣ በጀማም ቢከቡኝ፣ ዱዓ አድራጊው ማንም ይሁን... መጨረሻውን ሳልሰማ አሚን አልልም።